ርኅራኄና ዕውቀት፤ በበረዶ ሥር ስለሚኖሩ ዓሦች

ሰው አንድን ፍጥረት ከተፈጥሮ ስፍራው አውጥቶ በእጁ ካኖረው በኋላ ለዚያ ፍጥረት ምን ዕዳ አለበት? ይህ ጥያቄ ስለ በሬና ስለ በቅሎ፣ ስለ በግና ስለ ዶሮ ብዙ ጊዜ ተነሥቶ መልስ አግኝቷል። በሬ ሲደክመው ይቆማል፤ በግ ሲርባት ትጮኻለች፤ ውሻም ሲበርደው ወደ እሳት ይጠጋል። ባለቤቱ ልበ ደንዳና ቢሆን እንኳ ዓይኑ ማየቱ፣ ጆሮውም መስማቱ አይቀርም። ዓሣ ግን ድምፅ የለውም፤ ሲታመም አይጮኽም፤ ሲጨነቅም ወደ ጌታው ደጅ አይመጣም። ስለዚህ የጠባቂነት ግዴታ እስከ ምን ድረስ እንደሚደርስ ለመመርመር ለሚሻ ሰው ዝም ከሚለው ፍጥረት የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በዚህ ጽሑፍም በብርድ አገሮች በየቤቱ ጓሮ በተቆፈረ ኩሬ የሚኖሩትን ዓሦች ነገር፣ ይልቁንም ኩሬው በበረዶ በሚከደንበት ወራት የሚገባቸውን ጥበቃ ለማሳየትና ከዚያ የሚገኘውን የምግባር ትምህርት ለመመርመር አስበናል።

በአገራችን ክረምት ሲባል በአንባቢ ልብ የሚታየው ዝናምና ጭቃ፣ የወንዝ ሙላትና የአዝመራ ተስፋ ነው። በእንግሊዝ፣ በጀርመን፣ በሰሜን አሜሪካና በሰሜናዊው የጃፓን ክፍል ግን ክረምት ማለት ቀኑ የሚያጥርበት፣ ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን የሚቆምበት፣ የቆመ ውኃም እንደ ድንጋይ የሚጠነክርበት ወራት ነው። በደጋ አገር ማለዳ ተነሥቶ በሣር ላይ ውርጭ ያየ ሰው የነገሩን ጅማሬ ያውቀዋል፤ በእነዚያ አገሮች ግን ውርጩ ከረፋድ ፀሐይ ጋር የሚጠፋ ሳይሆን ለቀናትና ለሳምንታት የሚሰነብት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከዲሴምበር 1962 መጨረሻ እስከ ማርች 1963 መጀመሪያ ድረስ በእንግሊዝ አገር የሆነው ብርድ ከ1740 ወዲህ ያልታየ ብርቱ ክረምት ሆኖ ተመዝግቧል። በዚያ ወራት ሐይቆችና ወንዞች ረግተው ነበር፤ በአንዳንድ ስፍራም የባሕሩ ዳር እንኳ በረዶ ሆኖ ታይቷል። በጓሮ ኩሬ ያለ ዓሣ ይህን በመሰለ ጊዜ የሚኖረው ከተከደነ ጣሪያ በታች ነው።

በእነዚህ ኩሬዎች ከሚኖሩት ዓሦች ሁለቱ በይበልጥ የታወቁ ናቸው። አንደኛው ወርቃማ ዓሣ የሚባለው ነው፤ ይህን ዓሣ ከዛሬ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ በሶንግ ነገሥታት ዘመን፣ የቻይና ሰዎች በኩሬ እያራቡ ቀለሙን መርጠው አሳምረውታል፤ ወደ አውሮፓም የገባው በ17ኛው መቶ ዓመት ነው። ሁለተኛው ኮይ የተባለው ባለ ብዙ ቀለም ካርፕ ነው። በጃፓን አገር በኒጋታ አውራጃ ያሉ የተራራ ገበሬዎች ለክረምት ምግባቸው ካርፕ ያረቡ ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማም በመካከላቸው ቀይና ነጭ የሆኑ ሲወለዱ አይተው ለይተው ማራባት ጀመሩ። በ1914 በቶክዮ በተደረገው ትልቅ ትርኢት ከቀረቡ በኋላም ዝናቸው በሀገሩ ሁሉ ወጣ። እንግዲህ እነዚህ ዓሦች ዛሬ ያሉበትን መልክ የያዙት በሰው ምርጫ ነው፤ የሚኖሩበትንም ስፍራ የቆፈረላቸው ሰው ነው። ይህን ነገር ልብ ብለን እንያዘው፤ ኋላ ለምንናገረው መሠረት ይሆነናልና።

አሁን ውኃው እንዴት እንደሚረጋ እንመልከት። ሌላው ፈሳሽ ሁሉ ማለት ይቻላል በቀዘቀዘ ቁጥር እየከበደ ይሄዳል፤ ሲረጋም ወደ ታች ይሰጥማል። ውኃ ግን የተለየ ሥርዐት ተሰጥቶታል። እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ሲቀዘቅዝ እየከበደ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከ4 ዲግሪ ሲያንስ ግን ተመልሶ እየቀለለ ወደ ላይ ይወጣል፤ 0 ዲግሪ ሲደርስም በላይ በኩል ይረጋል። በረዶው ከውኃው ስለሚቀል በላይ ተንሳፎ ይቀራል፤ ተንሳፎም እንደ ጋቢ ሆኖ ከሥሩ ያለውን ውኃ ከአየሩ ብርድ ይጋርደዋል። በዚህም ምክንያት ኩሬው ጥልቀት ካለው ከታች ያለው ውኃ ወደ 4 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ይቆያል። ውኃ እንደ ሌላው ፈሳሽ ከታች ወደ ላይ የሚረጋ ቢሆን ኖሮ በብርድ አገር ባለ ኩሬ ውስጥ አንድ ዓሣ ስንኳ ክረምቱን ባልተሻገረ ነበር። በአምስተኛው ቀን በውኃ የሚኖሩትን የፈጠረ አምላክ ለብርዱም ወራት ማደሪያቸውን አስቀድሞ እንዳዘጋጀላቸው ከዚህ ማስተዋል ይቻላል።

የዓሣውም ሰውነት ለዚህ ወራት የተስማማ ሆኖ ተሠርቷል። የሰውና የከብት ሰውነት የራሱን ሙቀት ሲጠብቅ፣ የዓሣ ሰውነት ግን ካለበት ውኃ ጋር አብሮ ይሞቃል፤ አብሮም ይቀዘቅዛል። ውኃው ሲበርድ የልቡ ምት ይዘገያል፤ ሆዱም ምግብ መፍጨት ያቆማል ለማለት የሚያስደፍር ያህል ይደክማል፤ ከኩሬው ጥልቅ ስፍራ ወርዶም ክንፉን በጥቂቱ እያንቀሳቀሰ በጸጥታ ይቆያል። በበጋ ባከማቸው ስብ እየኖረ ፀደይን ይጠብቃል። ይህ እንቅልፍን የሚመስል ዝምታ ለማያውቅ ሰው በሽታ ወይም ረኃብ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ለዓሣው ጤናው ነው።

እንግዲህ አምላክ ውኃውንም ዓሣውንም እንዲህ አድርጎ ከሠራቸው ጠባቂው ምን የቀረው ሥራ አለ? የሚል ይኖር ይሆናል። ለዚህ የምንሰጠው መልስ ኩሬ ወንዝ አይደለም የሚል ነው። በወንዝና በሐይቅ የሚኖር ዓሣ ብርድ ሲመጣ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ አየር ሲያጥረውም ወደሚፈስሰው ውኃ ይሄዳል። በጓሮ ኩሬ የተዘጋ ዓሣ ግን የሚሸሽበት ስፍራ የለውም። ጥልቀቱን የወሰነለት ሰው ነው፤ ስፋቱን የለካለትም ሰው ነው። ኩሬው ከ60 ሳንቲሜትር ያነሰ ጥልቀት ካለው በብርቱ ውርጭ ጊዜ ለወርቃማ ዓሣ መጠጊያ መሆኑ ያጠራጥራል፤ ለኮይ ደግሞ ከ1 ሜትር የበለጠ ጥልቀት ያስፈልጋል። ስለዚህ የጠባቂው ዕዳ የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ ይኸውም ለፍጥረቱ የተሰጠውን የማምለጫ መንገድ የወሰደ ሰው፣ በወሰደው መንገድ ፈንታ ራሱ ሊቆምለት ይገባዋል ማለት ነው።

በክረምት ለኩሬ ዓሣ ትልቁ አደጋ ብርዱ ራሱ እንዳይደለ በዚህ ሥራ የኖሩ ሁሉ ያውቃሉ። አደጋው የሚመጣው ከመከደኑ ነው። በመጸው ወራት ከዛፍ የረገፈው ቅጠል በኩሬው ወለል ተከማችቶ ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስም በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሳል፤ መርዛም የሆነ ጋዝንም ያወጣል። ላዩ ክፍት ቢሆን ክፉው አየር ወጥቶ መልካሙ ይገባ ነበር፤ በረዶው ሲከድነው ግን ክፉው ከውስጥ ይታፈናል፤ መልካሙም ከውጭ ይቀራል። በበረዶው ላይ ሌላ በረዶ ዘንቦ ሲከመርበት ደግሞ ብርሃን ስለማይገባ በውኃው ውስጥ ያሉት ዕፀዋት ኦክሲጅን መስጠት ያቆማሉ። ዓሣው እንግዲህ የሚሞተው በርዶት ሳይሆን ታፍኖ ነው።

በዚህ ጉዳይ የሰዎችን አሠራር ስንመረምር ሦስት ዓይነት ጥፋት እናገኛለን። የመጀመሪያው የቸልተኛው ጥፋት ነው። እርሱ በበጋ ወራት በኩሬው ዳር ተቀምጦ የዓሦቹን ቀለም እያየ ደስ ሲለው ይሰነብታል፤ ቅጠል በሚረግፍበት ጊዜ ግን መረብ ሊዘረጋ፣ የወደቀውንም ሊለቅም አይወጣም። በረዶ ሲከድነው፣ ከቶ አይታይምና፣ ከልቡም ይከደናል። ደስታውን ተካፍሎ ድካሙን የማይካፈል እንዲህ ያለ ሰው ባለቤት እንጂ ጠባቂ ሊባል አይገባውም።

ሁለተኛው ያለ ጊዜው የሚራራ ሰው ጥፋት ነው። እርሱ ዓሦቹ ሳይበሉ ወራት እንዳለፋቸው አስቦ ያዝንና ምግብ ይበትንላቸዋል። የውኃው ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ግን የዓሣው ሆድ የተቀበለውን መፍጨት ይሳነዋል፤ ያልተበላውም ወደ ታች ወርዶ እንደ ቅጠሉ ይበሰብስና ውኃውን ያበላሻል። ሌላው ደግሞ ይበርዳቸዋል ብሎ ከበረዶው ሥር አውጥቶ በሞቀ ቤት ወዳለ ውኃ በድንገት ያዛውራቸዋል፤ የሙቀት ድንገተኛ መለዋወጥ ግን ከብርዱ ይልቅ ይጎዳቸዋል። እነዚህ ሰዎች ልባቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን ለዓሣው የሚሰጡት ዓሣው የሚሻውን ሳይሆን እነርሱ በዚያ ስፍራ ቢሆኑ የሚሹትን ነው።

ሦስተኛው በኀይል የሚረዳ ሰው ጥፋት ነው። እርሱ ዓሦቹ መታፈናቸውን ሰምቶ መዶሻ ወይም መጥረቢያ ይዞ ይወጣና በረዶውን ይመታል። ድምፅና ንዝረት በውኃ ውስጥ በብርታት ስለሚተላለፍ፣ ዝም ብሎ ያረፈው ዓሣ በምቱ ይደነግጣል፤ ሊጎዳም፣ ሊሞትም ይችላል። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚለው የአገራችን ተረት እዚህ ላይ ሊነገር ይገባዋል። ይህ ሰው የመከራውን ምክንያት በትክክል አውቋል፤ መድኃኒቱንም አውቋል፤ የጎደለው የአሰጣጡ መንገድ ነው።

ታዲያ ትክክለኛው አሠራር የትኛው ነው? አዋቂዎቹ የሚያደርጉት እጅግ ቀላል ነው። በመጸው ጊዜ ቅጠል እንዳይገባ በኩሬው ላይ መረብ ይዘረጋሉ፤ የገባውንም ያወጣሉ። ውኃው ሲቀዘቅዝ በቴርሞሜትር እየለኩ ምግቡን ቀስ በቀስ ይቀንሳሉ፤ ኋላም ያቆማሉ። ውርጩ ሲበረታ ሙቅ ውኃ የሞላበት ድስት በበረዶው ላይ አስቀምጠው ቀዳዳ እስኪከፈት ይታገሣሉ፤ የፈላውን ውኃ ግን ወደ ኩሬው አያፈስሱም። በረዶን ለማሟሟት በመንገድ ላይ የሚበተነውን ጨውም ወደ ውኃው አያስጠጉም። አንዳንዶች አነስተኛ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያንሳፍፋሉ፤ ሌሎችም አየር የሚነፋ ፓምፕ ያኖራሉ፤ ፓምፑን ግን ከታች ያለው ለብ ያለ ውኃ ከላይኛው ጋር እንዳይደባለቅ ከጥልቁ ስፍራ ያርቁታል። በበረዶው ላይ የተከመረውንም ጠርገው ለብርሃን መንገድ ይሰጣሉ። በረዶውን ሁሉ ማስወገድ አያስፈልጋቸውም፤ ለአነስተኛ ኩሬ የአንድ ሳሕን ስፋት ያለው ቀዳዳ ሳይዘጋ ከቆየ ይበቃልና። በየማለዳው ወጥቶ ያንን ቀዳዳ ማየት ከጠባቂው የሚፈለገው ዋና ሥራ ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ እንደሚችሉ እናውቃለን። የመጀመሪያው፣ ተፈጥሮ ብርቱ ናትና ለራሷ ይተዋት የሚል ነው። በእርግጥም የሚያስደንቅ ብርታት አለ። በሰሜን አውሮፓ በረዶ በሚከድናቸው ትንንሽ ውኃዎች የሚኖር ክሩሽያን ካርፕ የተባለ ዓሣ ኦክሲጅን በሌለበት ውኃ ውስጥ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ይህን የሚያደርገው አየር ሲያጣ በሰውነቱ የሚፈጠረውን ላክቲክ አሲድ ወደ አልኮል ለውጦ በስንጥቡ በኩል ወደ ውኃው በማስወጣት ነው፤ የአሠራሩንም ምሥጢር የኦስሎና የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች በ2017 ገልጠው አሳትመዋል። ወርቃማው ዓሣም ዘመዱ ስለሆነ ይህ ችሎታ አለው። ዳሩ ግን ይህ ኀይል ለመከራ ቀን የተሰጠ ስንቅ ነው እንጂ ለባለቤቱ ቸልታ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። በቅሎ ብዙ ጭነት መሸከም ትችላለችና ሁልጊዜ አብዝተን እንጫናት አይባልም። የሚታገሥን ሰው ስለ ታገሠ ብቻ መከራውን ማብዛት ግፍ እንደሆነ ሁሉ፣ የሚታገሥን ፍጥረት በትዕግሥቱ መፈተንም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። ሰው በጎዳና ላይ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ስለ ዓሣ መጨነቅ ተገቢ ነውን? የሚል ነው። ይህ ጥያቄ እውነት አለበትና ንቀን አናልፈውም። የጓሮ ኩሬውን በኤሌክትሪክ እያሞቀ በቤቱ የምታገለግለውን ሴት ብርድ ልብስ የሚነፍጋት ሰው ቢኖር፣ ዓሣውን መውደዱ ራስን መውደድ እንጂ ርኅራኄ አይባልም። የርኅራኄ ሥርዐት አለው፤ ሰው በአምላክ አምሳል የተፈጠረ ነውና ይቀድማል። ነገር ግን ይቀድማል ማለት ሌላው ይረሳ ማለት አይደለም። ርኅራኄ ለአንዱ ሲሰፈር ለሌላው የሚጎድል እንደ ጎተራ እህል ቢሆን ኖሮ ተቃውሞው ባሸነፈ ነበር። ርኅራኄ ግን ልማድ ነው፤ በትንሹ የለመደ እጅ በትልቁ አይከብደውም፤ በትንሹ የደነዘዘም በትልቁ ፈጥኖ አይነቃም። የሙሴ ሕግ ለሰው ዕረፍትን ባዘዘበት ስፍራ ለከብቱም ዕረፍትን ማዘዙ፣ ነቢዩ ዮናስም ስለ ነነዌ በተነገረው ቃል ውስጥ ከሕፃናቱ ጋር እንስሳቱም መቆጠራቸው ይህንኑ ያስረዳል።

ይህ ሥርዐት በሥራ ሲፈጸም የታየበትን አንድ ነገር እናንሣ። ኦክቶበር 23 ቀን 2004 ከላይ በጠቀስነው በኒጋታ አውራጃ ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ። የኮይ መገኛ ከሆኑት መንደሮች አንዱ የሆነው ያማኮሺ መንገዱ ሁሉ በመሬት ናዳ ስለ ተቋረጠ ከሁለት ሺህ የሚበልጡት ነዋሪዎቹ በሄሊኮፕተር ተነሥተው ወደ ሌላ ስፍራ ተወሰዱ። ብዙ ኩሬዎች ፈርሰው ብዙ ዓሦችም ጠፉ። ሰዎቹ ከዳኑ በኋላ ግን አርቢዎቹ የተረፉትን ዓሦች አልረሱም፤ የብርዱ ወራት ሳይገባ ዓሦቹም በሄሊኮፕተር ተጭነው ከተራራው እንዲወርዱ ተደረገ። በዚያ አገር ብዙ በረዶ ስለሚወርድ፣ በደኅናውም ዘመን አርቢዎቹ በመጸው ዓሦቻቸውን ከተራራው ኩሬ አውጥተው ጣሪያ ወዳለው ገንዳ ማስገባት ልማዳቸው ነው። ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች ይህን ሲያደርጉ ዓሦቹ እንጀራቸው ስለሆኑ ብቻ ነው የሚል ይኖር ይሆናል፤ ቢሆንም ለእንጀራ የሚጠብቅና ለደስታ የሚጠብቅ ሁለቱም በእጃቸው ላለው ፍጥረት ያለባቸው ዕዳ አንድ ነው። አስቀድሞ ሰው፣ ቀጥሎም ለሰው የተሰጠው ፍጥረት፤ አንዱ ሌላውን ሳያስቀር በየተራው ሊደርሰው እንደሚችል በዚያ ታይቷል።

የመንግሥታት ሕግም ወደዚህ አሳብ እየቀረበ መጥቷል። በእንግሊዝ አገር በ2006 የወጣው የእንስሳት ደኅንነት ሕግ አከርካሪ አጥንት ያለውን በሰው እጅ የሚኖር እንስሳ ሁሉ፣ ዓሣንም ጭምር፣ ያጠቃልላል። ባለቤቱ ተስማሚ ስፍራና ተስማሚ ምግብ እንዲያዘጋጅለት፣ እንደ ተፈጥሮው እንዲኖር እንዲፈቅድለት፣ ከመሰሎቹ ጋር መኖር ወይም መለየት የሚያስፈልገው እንደሆነም ያንኑ እንዲፈጽምለት፣ ከሥቃይና ከበሽታም እንዲጠብቀው ያዛል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ዳኛ በየጓሮው ኩሬ በማለዳ አይቆምም፤ በረዶው የዘጋውን ቀዳዳ የሚያይ የጠባቂው ኅሊና ብቻ ነው። ሕግ የመጨረሻውን ወሰን ያመለክታል፤ ከወሰኑ በላይ ያለውን መልካም ሥራ የምትሠራው ኅሊና ናት።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት አሳብ እንዲህ ያለ ነው። በፈቃድ ብቻ የሚደረግ ርኅራኄ አይበቃም፤ የሚራሩለትን ማወቅ ያሻል። መብላት የማይችልን መመገብ፣ ማረፍ የሚያሻውን መቀስቀስ፣ የታፈነን በመዶሻ ማስተንፈስ በጎ ፈቃድ ያለበት ጉዳት ነው። በአንጻሩም ዝም ያለውን ሁሉ ደኅና ነው ብሎ መተው የጨካኝ ሥራ ነው። እውነተኛው ጠባቂ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ይቆማል፤ ሊያደርግ የሚገባውን ጥቂት ነገር ሳያቋርጥ ያደርጋል፤ ሊያደርግ ከማይገባውም እጁን ይሰበስባል። እጅን መሰብሰብ ከመዘርጋት ይልቅ የሚከብድበት ጊዜ አለ፤ የሰጠ ሰው ይመሰገናል፤ ጊዜ ጠብቆ የተወውን ግን ማንም አያመሰግነውምና።

የተወደዳችሁ አንባብያን፤ በእጃችን ያለው ዓሣ ብቻ አይደለም። ለወላጅ ልጅ፣ ለመምህር ደቀ መዝሙር፣ ለንስሐ አባት የንስሐ ልጅ፣ ለባለጸጋ አገልጋይ በአደራ ተሰጥቷል። ከእነዚህም መካከል ኀዘን ወይም ጭንቀት ከድኖት ዝም ያለ፣ ምክርም ሆነ ተግሣጽ ለጊዜው ሊዋሐደው የማይችል አይታጣም። እንዲህ ላለው ሰው ቃል ማብዛት ለማይፈጭ ሆድ ምግብ እንደ መጨመር ነው፤ ልቡን በቁጣ ለመክፈት መታገልም በረዶን በመዶሻ እንደ መምታት ነው። ጨርሶ መተው ግን ከሁለቱም የከፋ ነው። የሚገባው በለሰለሰ ነገር አንዲት መተንፈሻ ከፍቶ እንዳትዘጋ በየዕለቱ መጠየቅ፣ እስኪያገግምም ድረስ መታገሥ ነው። በብርድ አገር የምትኖሩና በጓሮአችሁ ኩሬ ያላችሁ ወገኖችም ቅጠሉን በጊዜው ልቀሙ፤ ውኃው በቀዘቀዘ ጊዜ ምግቡን አቁሙ፤ ውርጭ ባደረበት ማለዳ ሁሉ ወጥታችሁ ቀዳዳውን ተመልከቱ። ዓሣው ሊያመሰግናችሁ አይችልም፤ ምስጋና ሳይጠብቁ መጠበቅ ግን በአደራ ለተቀበልነው ፍጥረት ሁሉ የሚገባ ሥራ ነው።